ለፋፊው ሁለት ጊዜ የዞረላት

ዘይነባ የሞተች ቀን ለፋፊው ሁለት ጊዜ ዞረ።

በእኛ ቅሬ እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም። ቅሬ ማለት በእኛ አገር ሰው ሲሞት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ወጥቶ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ለፋፊው እንድሪስ ጎህ ሲቀድ ከመስጊዱ በላይ ካለው ጉብታ ተነሥቶ መንደሩን እየዞረ "የቅሬ ሰው ስማ፤ እነ እገሌ ቤት ውጣ" ይላል። ሞተ አይልም። ለስብሰባ የሚጠራው ወደ ማታ ነው፤ በጎህ የቤት ስም ከተጠራ ሞት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ዶማና አካፋውን ይዞ ይወጣል።

ያን ቀን እንድሪስ "እነ ዘይነባ ቤት ውጣ" ሲል ግን ማንም አልወጣም። ማንም አላለቀሰም። ሰው ሁሉ ተናደደ። በታች በኩል ያለችው ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ "ዛሬ ደግሞ ማንን አስታምሙ ልትለን ነው?" አለችኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከሁሉም የባስኩት እኔ ነበርኩ። ነጠላዬን እንደ ወትሮው ለበስኩና የምላትን በሆዴ እያዘጋጀሁ ተነሣሁ።

ለምን እንደ ተናደድን ለመናገር ከመጀመሪያው መነሣት አለብኝ። ብዙ ማውራት አልወድም። ስለ እሷ ግን ባጭሩ መናገር አይቻልም፤ እሷም በሕይወቷ አንድም ነገር ባጭሩ አድርጋ አታውቅም።

ዘይነባ ጅዳ በሰው ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። ስትመለስ እናቷም አባቷም አልቆዩአትም። ባልም ልጅም አልነበራትም። እዚህ መካነ ሰላም ከእኛ ጎን ባለው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየችና ከደሴ ልባሽ ልብስ እያመጣች መሸጥ ጀመረች። ልጄ ስንዱ እዚያው ገበያው ዳር የልብስ ስፌት መኪናዋን አስቀምጣ ትሠራ ነበር። የተዋወቁት በጠብ ነው። ዘይነባ ለአንድ የከላላ ሰው ሁለት እሱን የሚያስገባ ኮት ትሸጥለታለች። "አብሽር፣ አልቋል፤ ያቺ ልጅ አሁኑኑ ታጠብብልሃለች" ብላ ወደ ስንዱ ትልከዋለች። ስንዱ ስለ ኮቱ የሰማችው ሰውየው ፊቷ ቆሞ ሲያወልቀው ነው።

"አልቋል" የዘወትር ቃሏ ነበር። ያልተጀመረው ነገር ሁሉ እሷ ዘንድ አልቋል። ይህን ስትል አቧራ እንደሚያራግፍ ሰው ሁለት ጊዜ ታጨበጭባለች። ያን ጭብጨባ ስሰማ ደጄን ልዘጋ እነሣ ነበር፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ የሌላ ሰው ሥራ ነዋ። መጀመሪያ ታውጃለች፣ በኋላ ትጠይቃለች። ቤቴ ስትመጣ ድምጿ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው እሷ የምትገባው። ድስቴን ከፍታ ታያለች። የጾም ወጥ ከሆነ ቁጭ ብላ ትበላለች። የፍስክ ከሆነ፣ የእኛን ሥጋ አትበላምና፣ "ጨው አንሶታል እትዬ ፋንታዬ" ብላ ከድናው ትሄዳለች። ሳትቀምስ። የሚያናድደኝ ደግሞ እውነቷን መሆኑ ነው።

ታላቅ ታከብራለች። ሁልጊዜ "አንቱ" ነው የምትለኝ። አንቱ እያለች ግን ትቆጣኛለች።

ስንዱ ስትታመም ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ ድካም ነው አልን። ከዚያ ስትተኛ በላብ መነከር ጀመረች። ሰውነቷ እየከሳ ግራ ጎኗ ግን አበጠ። ደሴ ደሟን መረመሩና ወደ አዲስ አበባ ላኩን። እዚያ ያለው ሐኪም ወንበር ስቦ ተቀምጦ ቀስ እያለ አስረዳን። የደም ካንሰር ነው። ነገር ግን ክኒን ያለው ዓይነት ነው፤ በየቀኑ ከዋጠችው ሠርታ፣ ወልዳ፣ አርጅታ ልትኖር ትችላለች። ካልዋጠችው ጊዜ አይሰጣትም። ክኒኑ በነጻ የሚሰጥበት መዝገብ አለ፤ ስሟ ይገባል፣ ተራዋን ትጠብቃለች። ተራው እስኪደርስ ከግል መድኃኒት ቤት መግዛት አለብን። ዋጋውን ሲነግረኝ የተሳሳተ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅሁት። አልተሳሳተም። ቤቴን ብሸጠው እስከ ፋሲካ አያደርሰንም ነበር።

ስንመለስ መኪናው ለምሳ አቀስታ ቆመ። ብርዱ ያንቀጠቅጣል። እዚያ ቆሜ አንድ ነገር ወሰንኩ። ለማንም አልናገርም፤ ደም ማነስ ነው እላለሁ። ያን የበሽታ ስም በሰው አፍ ላይ መስማት አልፈለግሁም። ያላገባች ልጅ ናት። ጠበሏን ትጠመቃለች፣ እኔም እጸልያለሁ፣ ያለንን ሸጠን ጥቂት ወር እንገዛለን፤ ከዚያ ወዲያ ፈቃዱ የእግዚአብሔር ነው። ስንዱንም ለማንም እንዳትናገር አስማልኳት።

በገባንበት ቀን ለዘይነባ ነገረቻት።

ዘይነባ መጣችና ፊቴ ቆመች። "እትዬ ፋንታዬ፣ ደም ማነስ ነው ሲሉ ሰው ቀይ ሥር ይዞ ይመጣል። የሚፈልጉት ቀይ ሥር ነው?"

የቤቴን ነገር ለኔ እንድትተወው ነገርኳት። እሺ ብላ ወጣች። እሺ ስትል ልፈራ ይገባኝ ነበር።

በሳምንቱ ስንዱ ፎቶዋን በሰው ስልክ ላይ አየችው። ዘይነባ ሳትጠይቃት ያነሣቻት ነው። ጸጉሯ ተንጨባርሮ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ሻሿ ወደ አንድ በኩል ወርዶ። ፎቶው ጅዳም ሪያድም ዱባይም ደርሷል፤ ከሥሩ የዘይነባ ድምፅ አለ፤ "ይቺ የስፌቷ ስንዱ ናት፣ የሠርግ ቀሚስሽን የሰፋችልሽ፣ አልረሳሽም መቼም" እያለ። ስንዱ አለቀሰች። ሌላ ጥሩ ፎቶ ስንት አላት። ይህን ዘይነባን ስጠይቃት፣ "ጥሩ ፎቶ ያየ ሰው፣ ደኅና ናት ብሎ ያልፋል" አለችኝና አጨበጨበች።

የሰው አገር ካሉት ልጆች አንዳንዶቹ ላኩ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክኒን ተገዛ። ከዚያ ነገሩ ቀዘቀዘ፤ ፎቶ በፎቶ ላይ ይደረባል፣ ሰውም ይረሳል። ዘይነባ የቅሬውን ዳኛ ሸህ ሙሄን ለምና ወደ ማታ ስብሰባ አስጠራች። ሰባት ሰው መጣ። ሁለቱ ከዝናብ ለመጠለል የገቡ ነበሩ። ሸህ ሙሄ ቅሬ የሞተን ለመቅበር እንጂ የታመመን ለማሳከም እንዳልተቋቋመ አስረዷትና ተበተኑ። ስንዱ የነበራት ክኒን የዘጠኝ ቀን ብቻ ነበር።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ይቅር ብያታለሁ። ሳስታውሰው ግን አሁንም አማትባለሁ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ቤተ ክርስቲያን ኪዳን ቆሜ ነበር። የእንድሪስ ድምፅ መጣ። "የቅሬ ሰው ስማ፤ እነ ፋንታዬ ቤት ውጣ።"

ስወጣ ስንዱን ተኝታ ነው የተውኳት። ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤቴ ያለውን መንገድ እንዴት እንደ ወረድኩት አላውቅም። የአንድ እግሬን ጫማ ያገኘ ሰው ያመጣልኝ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ስደርስ መንገዱ በሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይጮኻሉ። ወጣቶች የቅሬውን ድንኳን ተሸክመዋል። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ደጄ ላይ ቆመዋል። በዚያው ቅጽበት በሩ ተከፈተና ስንዱ መፋቂያዋን አፏ ውስጥ እንዳደረገች ብቅ አለች። ሕዝቡን አየች። ዶማዎቹን አየች። መፋቂያውን አወጣችና "ማን ሞተ?" አለች።

አንዲት ሴት ወደቀች። ከቆፋሪዎቹ አንዱ ዶማውን ከኋላው ሊደብቅ ሞከረ።

ዘይነባ ከአጥሩ ጥግ ወጣች። እንድሪስን በጎህ የላከችው እሷ ናት። ሸህ ሙሄ አዘውኛል ብላ ዋሽታ፣ ሞተች ግን ሳትል፣ የቤቱን ስም ብቻ አስጠርታ። "እኔ ሞታለች አላልኩም" አለች። "ለስብሰባ ማታ ስትጠሩ ሰባት ሰው ትመጣላችሁ። ይኸው በጎህ ብትጠሩ መላው አገር መጣችሁ። ሞታ ቢሆን ሦስት ቀን ትቀመጡ ነበር፣ እርሻም ገበያም አትወጡም ነበር። ለሬሳዋ የምትቀመጡትን ሦስት ቀን አሁን ተቀመጡላት። እሷም ታያችሁ፣ እናንተም እዩአት።"

ሄድኩና በሕዝብ ፊት በጥፊ መታኋት። በሕይወቴ በሰው ላይ እጄን ያነሣሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጉንጯን ያዘች። "ይገባኛል እትዬ" አለችኝ። "አሁን እርስዎም ይቀመጡ።"

ሰው ይሄዳል ብዬ ነበር። ግን በቅሬ ሥርዓት በጎህ ጥሪ የወጣ ሰው ሳይቀመጥ አይመለስም፤ ነውር ነው፤ ከቤቱም ክፉ ነገር ይዞ የሚመለስ ይመስለዋል። ሸህ ሙሄ ቆፋሪዎቹን ዶማቸውን አስጣሏቸው። ቀጥለውም "ድንኳኑን ትከሉት" አሉ።

እንዲህ ሆኖ ቆማ ለምትሄድ ልጄ ሦስት ቀን ተቀመጥን። ንፍሮው መጣ፣ እንጀራው መጣ፣ በቅሬ ደንብ ከየቤቱ ተራ በተራ። ስንዱ የራሷን ለቅሶ ንፍሮ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ቆረጠመች። ሞታ ቢሆን ደግነቷን ያወሩ ነበር፣ በፊቷ ግን መጀመሪያ ላይ አፈሩ። ከዚያ አንዲት ሴት "ለልጄ ሠርግ የሰፋሽው ቀሚስ እኮ..." ብላ ጀመረችና ሁሉም ተከታተለ። ስንዱ በቁሟ ተሞገሰች። አንዷማ ያልተከፈለ የስፌት ሥራ እንዳለባት እዚያው ተናዘዘች።

ሥራ የፈታ ሰው ደግሞ ስልኩን ያነሣል። ዘይነባ በሰዉ መካከል እየዞረች "ልጅህ ሪያድ አይደለም እንዴ? አሁን ምን ትሠራለህ፣ ደውላ" ትላለች። ያን ፎቶ አይተው ያለፉት ልጆች አሁን የገዛ እናታቸውን ከድንኳን ውስጥ በስልክ ያዩአታል፤ ከጎኗም ስንዱን ያዩአታል። የነፍስ አባቴና ሸህ ሙሄ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አንዱ ሲመርቅ ሌላው አሜን ይላል። ማን ምን እንደሰጠ አልጠየቅሁም፣ ማንም በፊቴ አልቆጠረም። ተራዋ እስኪደርስ የሚበቃ ክኒን ግን በዚያ ድንኳን ውስጥ ተገኘ።

በሦስተኛው ቀን በቀትር ከመንገዱ በታች የአንድ ወንድ ለቅሶ ተሰማ። የእህቴ ባል ነው። ወሬው ከላላ ድረስ ደርሶት በበቅሎ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ፣ ከከተማው ዳር ጀምሮ "ልጄን፣ ልጄን" እያለ ይመጣል። የሚያስቆመው ሰው ጠፋ። ስንዱ ራሷ ወጥታ የበቅሎዋን ልጓም ያዘችለትና "እንኳን ደኅና መጡ አጎቴ" አለችው። አየት አደረጋትና "ከዚህ በኋላ የእናንተን አገር ለፋፊ ያመነ" ብሎ ተሳደበ። ከዚያ ወርዶ አቅፏት እንደገና አለቀሰ።

በዚያው ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ዘይነባን ዳኙ። በሐሰት በጎህ ያስጠራ ሰው ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው ሲሞት የሚቀብረው የለም፤ ዘመድ ለሌላት ሴት ደግሞ ይህ ቀላል አይደለም። ዘይነባ ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት መሬት ስታይ አየኋት። ሸህ ሙሄ ወደ እኔ ዞሩ። የተበደልሽው አንቺ ነሽ፣ ምን ትያለሽ አሉኝ።

ተናድጄ ነበር። ያ የመንገዱ ሩጫ ገና አልወጣልኝም ነበር። ስንዱን ደግሞ አየኋት፤ በድንኳኑ ጥግ የአንዲት አሮጊት የተቀደደ ነጠላ ትጠቅማለች።

"እኔ መትቻታለሁ" አልኩ። "አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይቀጣም።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንድ ዓመት ሙሉ ለቅሶ ላለበት ቤት ሁሉ ውሃ እንድታመላልስ ፈረዱባት። አመላለሰች። የተዋሰችውን አህያ እየነዳች፣ ጀሪካኑን እየረገመች፣ ለቅሶ ቤት ስትደርስ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ሰው በብዛት የሚሞትበት ዓመት ነው የመረጡልኝ ትል ነበር።

ወደ አዲስ አበባም ስንዱን ይዛ የሄደችው እሷ ናት። የስንዱ ስም በመዝገቡ ላይ እያለ ተራው አልንቀሳቀስ ሲል፣ መዝገቡ ካለበት ቢሮ በር ላይ ጋቢዋን አንጥፋ እንደ ለቅሶ ቤት ተቀመጠች ይላሉ። ስንዱ ዘበኛው መጀመሪያ እንዳባረራት፣ በሁለተኛው ቀን ወንበር እንዳወጣላት፣ በሦስተኛው ቀን የሚስቱን ሕመም እንዳማከራት ነግራኛለች። ተራው በስምንተኛው ወር ደረሰ። ዘይነባ ከመኪና ወርዳ ግቢዬ ስትገባ "አልቋል እትዬ" ብላ አጨበጨበች። ያን ቀን እውነትም አልቆ ነበር። እግሯ ላይ ልወድቅ ፈልጌ ነበር፤ እሷ ግን ድስቴን ከፍታ ስታበቃ ጨው አንሶታል አለችኝ።

ከዚህ በኋላ ያርፋል ያልኩት ነገር አላረፈም። ክኒኑ በየቀኑ፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ፣ በብዙ ውሃ ነው የሚዋጠው። ዘይነባ ይህን ከሐኪሙ ሰምታለችና ለማንም አልተወችውም። ሱብሂዋን ሰግዳ ትጨርስና ከአጥሩ ማዶ ትቆማለች። "ስንዱ፣ ዋጥሽ?" ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ስንዱ እስክትመልስ ትደጋግመዋለች። እንግዳ ቢኖር፣ በዓል ቢሆን፣ ዝናብ ቢጥል። የሠፈሩ ልጆች ለጨዋታ "ዋጥሽ?" መባባል ጀመሩ። ዝም እንድትል ለምኛታለሁ፣ ተቆጥቻታለሁ፣ አንድ ጊዜ ሸህ ሙሄ ዘንድ ከስሻታለሁ። ሳቁብኝ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ጭንቅ ያዘኝ። ስንዱ ቁርስ ሳትበላ ክኒኑን መዋጥ አትችልም፣ ቁርስ ከበላች ደግሞ ጾሙ እንዴት ይሆናል። ሁለት ቀን አሰብኩበትና የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ገና አፌን ሳልከፍት እጃቸውን አነሡ።

"ለስንዱ ፈቅጃለሁ" አሉኝ። "ዘይነባ ትናንት መጥታ ነበር። ሳልፈቅድላት ከደጄ የምትነሣ አልመሰለኝም።"

ስለ ጾማችን አንዲት ሙስሊም ሴት ቀድማኝ ሄዳ ጨረሰችው። በመንገድ ስመለስ በንዴት ብቻዬን አወራ ነበር። ቤት ስደርስ ለእመቤታችን ስለ እሷ ሻማ አበራሁ፤ አልነገርኳትም እንጂ።

አራት ዓመት እንዲህ ኖርን። ዘይነባ ማኅበር ሳይኖራት የማኅበር ያህል ሥራ ያዘች። ኩላሊቱን የታመመ ቢኖር፣ ምጥ የጸናባት ብትኖር፣ ባሏ ከሐኪም ቤት የከለከላት ብትኖር፣ ዘይነባ በራቸው ላይ አለች። እንድሪስን በጎህ አልላከችም፣ ያን ምላለች። ነገር ግን ወደ ማታ ሲጠራ ሰው መምጣት ጀምሮ ነበር፤ ካልመጣ በጎህ ታስጠራናለች ብሎ ስለ ፈራ። ከጤና ኬላ የደም ግፊት ሊለኩ የመጡ ዕለት የሠፈሩን ሴት ሁሉ ከየጓዳው አውጥታ አሰለፈች። እኔንም በክንዴ ጎትታ። ሰልፉን አስከብራ ስትጨርስ "አልቋል" ብላ አጨበጨበችና ወደ ገበያዋ ሄደች። የራሷን ክንድ አላስለካችም። ይህን ማናችንም ልብ አላልንም።

እንግዲህ ያን ቀን ወደ ጀመርኩት ልመለስ። እንድሪስ ዞሯል። ማንም አልወጣም። እኔ ነጠላዬን ለብሼ፣ የምላትን አዘጋጅቼ፣ በሩን ልከፍት ነው። አሁን ደግሞ ምን ፈለግሽ ልላት ነው። ሰው እንዲህ ይቀለድበታል ወይ ልላት ነው።

"እማ" አለችኝ ስንዱ ከኋላዬ።

ዞርኩ። ቁርሷን በልታለች። የውሃው ጣሳ ፊቷ አለ። ክኒኑ መዳፏ ላይ ነው።

"ዛሬ ዋጥሽ አላለችኝም።"

ጆሮዬን ወደ አጥሩ አደረግሁ። ዝም ያለ ነው። አራት ዓመት ሙሉ እንዲያ ዝም እንዲል ነበር የለመንኩት።

በአጥሩ በኩል ገባሁ። አከራይዋ በሩ ላይ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ቆማለች። ለሱብሂ ልትቀሰቅሳት ገብታ ነው ያገኘቻት። ዘይነባ ወር ሙሉ ራሴን ያመኛል እያለች፣ ታከሚ ስትላት "አብሽሪ፣ ያልፋል" ትላት እንደነበር ነገረችኝ። ዘይነባ በጎኗ ተኝታለች፣ አንድ እጇ ጉንጯ ሥር ነው፣ እኔ በመታሁት በኩል። ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር። የት እንደማደርገው አጣሁ።

ሸህ ሙሄ መጡና መንገዱን አዩ፤ ባዶ ነው። ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ መቀበር አለባት፤ የሚቆፍር ሰው የለም። እንድሪስን ጠሩት። ተመልሶ ወደ ጉብታው ወጣ። በሕይወቱ ብሎት የማያውቀውን ቃል ያን ቀን አለው።

"ዘይነባ ሞታለች" አለ። "ወላሂ ሞታለች። ቅሬ ውጣ።"

ሰው እየሮጠ መጣ። እጇ ላይ ሊጥ ያለባት ሴት፣ የበሬውን ቀንበር መንገድ ላይ ጥሎ የመጣ ገበሬ። በታች ያለችው ጎረቤቴ ደረቷን እየደቃች "ምነው አፌን በዘጋው" ትላለች። እኔ ነጠላዬን እዚያው መንገዱ መካከል አዘቀዘቅሁ። ቆፋሪዎቹ ዶማ የሚቀባበሉት በሽሚያ ነበር። በዙሁር ተቀበረች።

ዘመድ ስላልነበራት ሰው "ያጽናችሁ" የሚለው ለእኔና ለስንዱ ነበር። በሦስተኛው ቀን የእህቴ ባል ከከላላ መጣ። በዚህኛው ጊዜ ከከተማው ዳር በቅሎውን አቁሞ፣ ሦስት ሰው ጠይቆ፣ እውነት መሆኑን አረጋግጦ ነው ማልቀስ የጀመረው።

ስንዱ ያን ቀን ክኒኗን የዋጠችው ከቀብር በኋላ ነው። በአራት ዓመት የዘገየችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን እኔ ነኝ የምጠይቃት። ኪዳን አድርሼ ስመለስ ቁርሷን እሰጣታለሁ፣ ውሃውን አቀርብላታለሁ። ከዚያ ደጅ ወጥቼ አጥሩ ጋ እቆማለሁ። "ስንዱ፣ ዋጥሽ?" እላለሁ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ።

"እማ፣ እዚሁ አጠገብሽ ሆኜ ለምን ትጮኺያለሽ?" ትለኛለች ተናዳ።

እስክትመልስልኝ እደግመዋለሁ።